ይጠብቃል

ከቦሳ ወዲህ፣ ጅማ፣ ካንድ የማታ ትምህርት ቤት፣
ቆርቆሮው ዝናብ ሲመታው ድምፄ የሚሰምጥበት፣
ዙልፋ አባመጫ ከኋላ እጇን አነሳች፣
«መምህር፣ ይቺ ረጅም ቃል ምንድን ናት?» አለች።

አንኤክስፔክትድነስ።
በሰሌዳው ከዳር ዳር ጻፍኳት፣ ጠመኔዬ እስኪያልቅ ድረስ።

ጭነት መኪና ናት፣ ተሳቢ አላት ከኋላ፤
ፊቷ ላይ ትንሽ እምቢታ፣ እንደ ፍተሻ ኬላ፤
መሀሏ ላይ ተስፋ አለ፣ በር በሩን የሚያይ፤
«ነስ» ስትቀጠል ደግሞ መጨረሻዋ ላይ፣
የመጣው ሁሉ ይሄዳል፣ ከነጓዙ፣ ከነአካሉ፣
አመጣጡ ብቻ ይቀራል፣ እንደ ሽታ፣ በየጥጋጥጉ።

«ድንገት ማለት ነዋ!» አለ ቴማም፣ ባጃጅ ነጂው፣
ቁልፉን ገና ከጣቱ ያላወጣው።
አይደለም፣ አልኩት። ድንገት ይሮጣል፤
ይሄኛው ግን እያዘገመም ይመጣል።
አወይቱን እይ። ሐምሌ ላይ ሲሞላ
ጣት በጣት ነው፣ ሰው እያየው፣ ሳይቸኩል፤
አንድ ማለዳ ግን እግርህን ከአልጋ ስታወርድ
ጫማህ ተንሳፎ ታገኘዋለህ።
ውሃው አልፈጠነም።
አንተ አልጠበቅከውም እንጂ።

«መገረምስ?» ሲሉኝ፦ መገረም የሰው ነው፣ ፊት ላይ ነው ቤቱ፤
ይቺ ግን የእንግዳው ናት፣ ተሸክሟት ነው የመጣው፣ ከነአቧራው፣ ከነሻንጣው።
ብቻዋን አትቆምም። «የምን?» ብላችሁ ጠይቋት፤
የደብዳቤው፣ የሞቱ፣ የሳቁ፤ ባለቤት ስጧት።
አንድ ሁለት ብላችሁ ግን አትቁጠሯት።
ጋዜጣ ይወዳታል። ሂርማታ ገበያ አያውቃትም፤
በርበሬ ባንድ ሌሊት ሲወደድ «ወይ ጉድ!» ነው፣ ሌላ የለም።

እሺ፣ በአማርኛስ?
ያልተጠበቀነት፣
አልኩና ምላሴ ተሰናከለ፤
አፌ ውስጥ እንደ ድንች ተንከባለለ።
ትቻት፣ ከሥሯ ሌላ ጻፍኩ፦ ይጠብቃል።

አላልታችሁ አንብቡት፤ ገመድ ነው፣ ይከራል፣ ይጠብቃል።
አጥብቃችሁ አንብቡት፤ ሰው ነው፣ ተቀምጦ ይጠብቃል።
የሚጠብቀው ሲላላ፣ የሚቆየው ሲጠብቅ፣
ምን ያለ ፊደል ነው፣ ሁለቱን ባንድ ልብስ የሚደብቅ!
ደግሞም ያው ሰውዬ እንግዳ ይጠብቃል፣
ያው ሰውዬ፣ በዚያው ዱላ፣ ግቢ ይጠብቃል።
«በኛም ያው ነው» አለች ዙልፋ፣ «ኤጉ እንላለን፤
የሚመጣውንም፣ የሚሰረቀውንም፣ ባንድ ቃል ነው የምንይዝ።»

መብራት ጠፋ።
ማንም አልደነገጠም፤ ማክሰኞ ነበር፣ ይጠፋል።
ቴማም የስልኩን መብራት ሲፈልግ፣
ከተሰበረው መስኮት በኩል፣
ከዝናቡ መሀል አንድ ድምፅ፣ ጎርነን ብሎ፣ ሳይቸኩል፦

«ኢን ጅማ፣ ሬይን ሃዝ ኖ አንኤክስፔክትድነስ።»

ዝም አልን። አንዲት ፊደል አልተዛነፈችም።
«ጅማ ላይ ዝናብ ይቺ ቃል የለውም» ማለቱ ነበር፣
እውነቱንም ነበር።
ስልኩ በራ። ካፖርት፣ ዱላ፣ ላስቲክ የለበሰ ኮፍያ፤
አባዝናብ። ጥበቃው።

አሥራ ስድስት ዓመት ከዚያ መስኮት ሥር ሲቆም
እኔ ዝናብ ሸሽቶ የተጠለለ ይመስለኝ ነበር።
ለካ ጠብታ ጣሪያውን በመታ ቁጥር ጆሮውን ወደ ግድግዳው ያስጠጋል፤
የጎደለውን ቃል ከከንፈሬ ሳይሆን ከልማዴ ይሞላል።
ስንቱን ክፍል አስተምሬ ሸኘሁ፤ እሱን ግን አንድም ቀን
ደህና አመሸህ ከማለት በቀር ምንም አልጠየቅኩትም።
ሁሉን የጠበቀ ሰው፣ ማን ጠበቀው?

«ግባ እንጂ» አልኩት። «ወንበር አለ።»
ሳቀ፤ ውሃው ከጢሙ ረገፈ።
«እኔ ከገባሁ፣ መምህር፣ በሩን ማን ይጠብቃል?»

አጥብቆ ነው ያነበበው።

መብራቱ ሲመጣ እሱ የለም፤ ፋኖሱ ብቻ
ከአጥሩ ጥግ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ይወዛወዛል።
ስሙን መዝገቡ ላይ ጻፍኩት፣ ሠላሳ አንደኛ፣
ወንበር የሌለው።
መስታወት ልናስገባ ነው ሲል ዳይሬክተሩ
ተማሪዎቹ ናቸው እምቢ ያሉት።

ዝናቡ ደብተሮቻችን ላይ ይገባል።
ይግባ።